ቀጭን ትዕዛዝ ይቅርታ አይጠይቅም

በመጋቢት 2017 የኢቢኤስ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችና ሠራተኞች ታሰሩ። ያላጣሩትን ታሪክ አየር ላይ አዋሉ ተብለው ነው። በጥር 2012 ሌሎች ጣቢያዎች ያላጣሩትን ዜና ሲያሰሙ ግን ለምን ብሎ በራቸውን ያንኳኳ ፖሊስ አልነበረም። ሁለቱም ዜናዎች የሚያያዙት ከአንድ ጉዳይ ጋር ነው፤ በኅዳር 2012 ከታገቱት የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር። እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ። የደምቢ ዶሎ አውቶቡስ በደጃችን ነው የሚያልፈው፤ ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባና በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮ አድርጎ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። በዚያ መስመር ልጁን ወደ ትምህርት የሸኘ ወላጅ በየከተማችን አለ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሩቅ ወሬ ልጽፈው አልችልም። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

በጥር 2012 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፕሬስ ሴክሬታሪ የነበሩት ንጉሡ ጥላሁን 21 ተማሪዎች ተለቀዋል አሉ። 13ቱ ሴቶች፣ 8ቱ ወንዶች መሆናቸው ሳይቀር ተነገረ። ዜናው ከጣቢያ ጣቢያ ተዛመተ። ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ጠበቁ፤ የደወለ ልጅ ግን አልነበረም። እናቶች ወጥተው "ልጆቻችንን አላየንም" ብለው አለቀሱ። ወራት ቆይቶ በመጋቢት 2012 አምነስቲ ኢንተርናሽናል 17 ተማሪዎች የት እንዳሉ እንዳልታወቀ ገለጸ። አንድ የዜና ክፍል ሊያደርገው የሚገባው ነገር ቀላል ነበር። ተለቀቁ ከተባሉት የአንዷን ስም መጠየቅ፣ የአንዷን አባት ስልክ ማግኘት፣ "ልጅዎ ገባች ወይ?" ማለት። አንድ ስልክ ብቻ። ይህን ሳያደርጉ በ2 ሰዓት ዜና ላይ ፈገግ ብለው ያነበቡት ሰዎች በማግስቱም በዚያው ወንበር ተቀምጠው ነበር።

አምስት ዓመት አለፈ። መጋቢት 14 ቀን 2017 ኢቢኤስ "አዲስ ምዕራፍ" በተባለው ፕሮግራሙ አንዲት ወጣት አቀረበ። የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ታግቼ ተደፈርኩ አለች። አገር አለቀሰ። ኋላ እሷው በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርባ ታሪኩ እውነት አይደለም አለች። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዬ አልነበረችም አለ። የጣቢያው ኃላፊዎች ይቅርታ ጠየቁ፤ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፕሮግራሙን አገደ፤ ፖሊስ ጋዜጠኞቹን ሰብስቦ አሰረ፤ በሽብር ጠረጠርኳቸው አለ።

የኢቢኤስን ጥፋት ላሳንስ አልፈልግም። ከባድ ጥፋት ነው። ሬጅስትራር ቢሮ ደውሎ "ይህች ልጅ እዚያ ተምራለች ወይ?" ብሎ ያልጠየቀ አዘጋጅ፣ የሰው እንባ ካሜራ ፊት ሲፈስ ልቡ ራርቶ ሳይሆን ተመልካች ቆጥሮ ነው ዝም ያለው ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ በላይ የበደለው ደግሞ በእውነት የታገቱትን ነው። ከእንግዲህ አንዲት እናት ስለዚያ ኅዳር አፏን ብትከፍት "ያቺም እንደዚያችኛዋ ናት" የሚላት አይጠፋም። በሬ ወለደ ያለ ሰው የወለደችውን ላምም ነው የሚያሳጣት።

ግን ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩአቸው። ሁለቱም አልተጣሩም። ሁለቱም የአንድ እናት ልብ ውስጥ ገብተው ወጉ። አንደኛው ባለሥልጣን አስደሰተ፣ ሌላው ባለሥልጣን አስቆጣ። አንደኛው "መረጃ" ሆኖ ቀረ፣ ሌላው "ሽብር" ተባለ። እንግዲህ በዚህ አገር የሚቀጣው ውሸቱ ነው ወይስ ውሸቱ ያስቆጣው ሰው? እኔ መልሱን የማውቀው ከኢቢኤስ በፊት ነው፤ አምቦ ላይ ነው የተማርኩት።

ሚያዝያ 22 ቀን 2006 በአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያያይዘውን ማስተር ፕላን ተቃውመው አደባባይ ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰባቸው። መንግሥት የጥቂት ሰዎችን ሞት አመነ፤ የከተማው ሰው የቆጠረው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። የመንግሥት ጣቢያዎች ያነበቡት መግለጫ "ፀረ ሰላም ኃይሎች" የሚል ነበር። ከአዲስ አበባ አምቦ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ካሜራ ጭኖ ጠዋት የወጣ መኪና ለምሳ ይደርሳል። የቀብሩን ድንኳን፣ የሆስፒታሉን በር፣ የተዘጋውን ሱቅ ማየት ይቻል ነበር። በምትኩ ከላይ የመጣ ወረቀት ተነበበ። ያነበበው ሰው ድምፁ የጠራ፣ ከረባቱ የተስተካከለ ነበር። ከተማችን በሐዘን ላይ ሳለች ልጆቿ ስማቸው ሳይነሳ በጅምላ ወንጀለኛ ተባሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። በሰኔ 2006 በአዳማ የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ወደ 20 የሚጠጉ ጋዜጠኞች ጠዋት ሥራ ሊገቡ ሲሉ ጥበቃዎች በር ላይ አቆሟቸው። ስማቸው ከዝርዝር ላይ ነበር። ተባረሃል የሚል ደብዳቤ፣ ጥፋትህ ይህ ነው የሚል ወረቀት አልተሰጣቸውም። ቀደም ብሎ በተካሄደ ሥልጠና ላይ ስለ ተቃውሞው፣ ስለ ሞቱት ጥያቄ አንስተው እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ልብ በሉ! ያልተጣራ መግለጫ ያነበበው ወንበሩ ላይ ቀረ፤ "እስቲ እናጣራ" ያለው ከግቢው በር ተመለሰ። የሙያ ሥነ ምግባር በእኛ ጣቢያዎች ያን ያህል ተገልብጦ ቆሟል። የሚቀጣው የሠራው ነው፤ የሚሾመው የሚያጎነብሰው ነው።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ኅዳር 2 ቀን 2008 ጊንጪ ተነሳች። በጭሊሞ ደንና በልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ሰበብ የተጀመረው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። አሁንም ጊንጪ በዋናው መንገድ ላይ ናት፤ አሁንም ካሜራው አልመጣም፤ በታኅሣሥ የፀረ ሽብር ግብረ ኃይል መግለጫ መጣ። ጥር ላይ መንግሥት ማስተር ፕላኑን ሰረዝኩ አለ። ያው ጣቢያ፣ ያው ዜና አንባቢ፣ በዚያው ድምፅ ስረዛውንም አነበበ። ትናንት "ፀረ ልማት" ያለው ሕዝብ ትክክል ሆኖ ሲገኝ "ትናንት የነገርናችሁ ስህተት ነበር" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ አልሰማሁም። ሚያዝያ 3 ቀን 2010 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አምቦ ስቴዲየም ሲመጡ ካሜራው በሙሉ ጓዙ መጣ። ለካ መንገዱን ያውቁታል!

ለአቅራቢው ብቻ ጣት መቀሰር ግን አልፈልግም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ፊቱ የሚታየው እሱ ስለሆነ ስድቡም ጥይቱም የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ (ኦቢኤን) ጋዜጠኛ ሲሳይ ፊዳ በግንቦት 2013 ደምቢ ዶሎ ውስጥ ተገደለ። ዋና አዘጋጁን፣ ቀጭን ትዕዛዝ በስልክ የሚያስተላልፈውን ኃላፊ፣ ስሙ በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ የማይወጣውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ስልክ ፊርማ የለውም። "ይህ እንዳይወጣ" ብሎ የዘጋ ሰው ነገ ተጠያቂ ሲፈለግ ስብሰባ ላይ ነው።

ስለ ዘፋኙ ሃጫሉም ማለት ያለብኝን ልበል። ሃጫሉ ሁንዴሳ የእኛው ከተማ ልጅ ነው፤ አምቦ ተወልዶ፣ አምቦ አድጎ፣ ሰኔ 25 ቀን 2012 አምቦ ተቀበረ። ሰኔ 22 ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ከመገደሉ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ (ኦኤምኤን) ቀርቦ ከጋዜጠኛው ጉዮ ዋርዮ ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ ተላልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ የወረደበትን የስድብና የዛቻ ዶፍ ሁላችንም አይተናል። ማን ገደለው የሚለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ እሱን ከቃለ ምልልሱ ጋር አላያይዘውም። የእኔ ጥያቄ የሙያ ነው። ጠያቂ እንግዳውን ወደ እሳት ሲገፋው መቼ ነው አዘጋጅ "በቃ" የሚለው? እንግዳው ዛቻ እየደረሰበት እንደሆነ እየታየ ጣቢያው ምን ኃላፊነት አለበት? ሙሉ ቀረጻው ውስጥ ያልተላለፈ ክፍል ነበር፤ የትኛው እንደሚቆረጥ ማን ወሰነ፣ በምን መመዘኛ? በተገደለ በማግስቱ አስከሬኑ ወደ አምቦ ሲጓዝ ቡራዩ ላይ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሕዝብ በሐዘን ነዶ ሳለ፣ በቀጥታ ስርጭት የሚነገረውን እያንዳንዱን ቃል የሚመዝን ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይገባቸው ነበር። መልስ የመጣው በፖሊስ መኪና ነው። የኦኤምኤን የአዲስ አበባ ቢሮ ተዘጋ፤ ጉዮ ታሰረ፤ ባልደረቦቹ ታሰሩ። ቀረጻው በመንግሥት እጅ ገባና ስላልተላለፈው ክፍል ደግሞ መንግሥት እንደሚመቸው መርጦ ነገረን። አንዱ ቆርጦ አሳየን፣ ሌላው የተቆረጠውን ቆርጦ አሰማን። የሟች ልጃችን ቃል ለሁለት ወገን መሣሪያ ሆነ። አንድ ጋዜጠኛ ሲታሰር ጥያቄውም አብሮት ይታሰራል፤ ደጋፊው ሊመረምረው አይፈልግም፣ ምክንያቱም ታሳሪ ነው፤ ጠላቱም አይመረምረውም፣ ምክንያቱም ታስሮለታል። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን በቀጥታ ስርጭት ላይ እንዴት እንደምንጠነቀቅ ከዚያ ሰኔ የተማርነው ነገር የለም።

እስር የሥነ ምግባር ማስተካከያ ነው የሚል ካለ ታሪኩን ያገላብጥ። ኅዳር 2004 ኢቲቪ "አኬልዳማ" የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ በፊልሙ የተነሱት ተከሳሾች ገና ፍርድ አላገኙም ነበር። ጥር 28 ቀን 2005 "ጅሃዳዊ ሐረካት" የተባለው ሌላ ዘጋቢ ፊልም ሲተላለፍ እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወጥቶበት ነበር፤ ተላለፈ። የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ ረግጦ በማሰራጨቱ የታሰረ አቅራቢ አላየንም። እስር ለሙያ ጥፋት ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት የሚታሰር ይታጣ ነበር? ማንም እንዲታሰር አልፈልግም። የምፈልገው እርማት ነው።

እርማት ስል ደግሞ ከቅርብ የማውቀውን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ ስለ ታጣቂዎች ሲያወራ ከጀርባ ያሳየው ምስል የጉደር ገበያ ነበር። ከሰው መሀል ሞተር ሳይክሉን ደገፍ ብሎ የቆመ ወጣት ፊቱ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ልጁ ጤፍ ያመላልሳል እንጂ ከነገሩ የለበትም። አባቱ እኔ እንደምጽፍ ስለሚያውቁ "ልጄ፣ አብረኸኝ ሂድ፤ አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ" አሉኝ። ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው ከማን ጋር ቀጠሮ እንዳለን ጠየቀን። አቅራቢውን አልን፤ ፊልድ ወጥቷል። ዋና አዘጋጁን አልን፤ ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ማመልከቻ ጻፉ ተባልን፤ ጻፍን፤ መዝገብ ቤት ማኅተም መታበት። አንድ ደግ ሠራተኛ ሲሸኘን "አባባ፣ አያስቡ፣ ሰው ይረሳዋል" አላቸው። ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው "ሰው ቢረሳ፣ ኬላ ላይ ያለው ሚሊሻ ይረሳል?" አሉት። መልስ አልነበረውም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ በዚያ ኬላ ማለፍ ትቷል፤ ሞተሩን ሸጠ። ማመልከቻው መልስ አላገኘም። አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው፤ "በዚህ ቀን ያሳየነው የገበያ ምስል ከዜናው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን" ለማለት።

ፈረንጅ ንጹሕ ነው ልላችሁ አይደለም። የቢቢሲው ማርቲን ባሽር እ.ኤ.አ. በ1995 ከልዕልት ዳያና ቃለ ምልልስ ለማግኘት ሐሰተኛ የባንክ ሰነድ አሠርቶ ለወንድሟ አሳይቷል። ቢቢሲ በማግስቱ ዓመት ውስጥ ውስጡን መርምሬ ጨረስኩ ብሎ ሸፋፈነው። እውነቱ የወጣው ከ25 ዓመት በኋላ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ ሎርድ ዳይሰን እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ባቀረቡት ሪፖርት ነው። ታዋቂው ዜና አንባቢ ሂው ኤድዋርድስም በሕፃናት የብልግና ምስል ጉዳይ በፖሊስ ከተያዘ በኋላ ወራት ሙሉ ደመወዙ ሲከፈለው ነበር። ባለ ዝና አቅራቢ በየትም አገር በአለቆቹ ይታቀፋል፤ ተመልካች የሚያመጣ ፊት ነውና። ነገር ግን የዳይሰን ሪፖርት ታተመ፤ አለቆቹም በስማቸው ተጠቀሱ፤ ጣቢያው በራሱ ዜና ሰዓት የራሱን ውርደት አነበበ። የእኛዎቹ የሌላውን ውርደት ሲያነቡ ብቻ ነው ድምፃቸው የሚጎላው። ሴት ሪፖርተሮች በየጣቢያው ኮሪደር በአለቃና በታዋቂ አቅራቢ ስለሚደርስባቸው ነገር በሹክሹክታ ያወሩታል፤ ዜና ሆኖ ግን አይወጣም።

ሕግ አጥተን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሙያው ራሱን በራሱ እንዲያርም መንገድ ከፍቷል። በ2008 የተቋቋመው የመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤትም አለ። ታዲያ ምን ሆነ? በሚያዝያ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያሻሽል የተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የመሾሙ ነገር ከምክር ቤቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ። የኢቢኤስ ጉዳይ ገና ትኩስ ነበር። ጣቢያዎች ራሳቸውን አላረሙምና መንግሥት ጅራፉን ወሰደ። ጅራፉን የሰጠነው እኛው ጋዜጠኞች ነን፤ ራሳችን መዳኘት ሲገባን ሌላ ዳኛ ጠራን።

የምጠይቀው ነገር ጠፈር ላይ መውጣት አይደለም። ስህተት በ2 ሰዓት ከተነገረ እርማቱም በ2 ሰዓት ይነገር፤ ሌሊት ላይ በሚሮጥ ጽሑፍ አይደለም። ያነበበው ያንብበው፤ የወሰነው አዘጋጅ ስሙ ይጠራ። የሰው ሕይወት የሚነካ ቃለ ምልልስ ከሆነ ሙሉ ቀረጻው ይቀመጥ፣ ምን እንደተቆረጠና ለምን እንደተቆረጠ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያግኝ። ከጉደር የመጣ አባት በር ላይ የሚቀበለው፣ ቡና ሳይሆን መልስ የሚሰጠው፣ ከዋና አዘጋጁ በታች ያልሆነ ሰው ይሰየም። "ትዕዛዝ ነው" ያለ ኃላፊ ትዕዛዙን በጽሑፍ ይስጥ። አልጽፍም ካለ ዜናው አይነበብ። ይህን እምቢ ያለ ዜና አንባቢ ከሥራ ቢባረር ደግሞ እኛ፣ ብዕር የያዝነው ሁሉ፣ በር ላይ አብረነው እንቁም፤ በሰኔ 2006 አዳማ ላይ እንዳደረግነው ዝም አንበል።

የቀድሞ ዕዳም አለ። የሚያዝያ 2006ን መግለጫ ያነበባችሁ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ 2008ን ያነበባችሁ፣ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ዛሬም በስክሪን ላይ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለወጣቶች ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሥልጠና ትሰጣላችሁ። አምቦ ኑና ከሟቾቹ ቤት በአንዱ ቁጭ በሉ። ማን ስልክ እንደደወለላችሁ፣ ምን ብሎ እንዳዘዛችሁ ተናገሩ። በጥር 2012 "21 ተማሪዎች ተለቀቁ" ብላችሁ ያሰራጫችሁ ጣቢያዎችም ዜናው አሁንም በማኅደራችሁ አለ። ስማቸውን ዘርዝሩልን። ከሀያ አንዱ የአንዱን ስም፣ የገባበትን ቀን፣ የተቀበለውን አባት። መዘርዘር ካልቻላችሁ ዛሬ ማታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ ሆናችሁ አልቻልንም በሉ።